የእስከዳር ጀርባና አሥሩ እሁዶች

የፍየል ሐኪሟ እስከዳር ጀርባዋ ውስጥ የበር መቀርቀሪያ የሚያክል ብረት አለ። ይኼ ሰቆጣ ውስጥ ያልሰማ የለም። ብረቱ መብረቅ ይስባል፤ ስለዚህ ክረምት ከገባ ከቤቷ አትወጣም፣ ከወጣችም ሰው አሥር እርምጃ ይርቃታል። እጮኛ ነበራት፤ የጀርባዋን ራጅ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ካየ በኋላ ሻንጣውን እንኳ ሳይዝ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ወልድያ ጠፋ። ደግሞም ያጎበጣት መውደቋ አይደለም፤ ስልክ ነው። የስልኩ ጨረር አከርካሪዋን እንደ ጧፍ አቅልጦ አጠፈው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የላትም። እናት የለ፣ አባት የለ፣ ለበዓል የሚጠራት የለ፤ ከሰማይ ወርዳ መናኸሪያው በር ላይ ከነሻንጣዋ ያረፈች ፍጡር ናት።

ይህን ሁሉ አጣርቶ የሚያውቀው ደርቤ ነው። ደርቤ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ተሳፋሪ ከኋላው ከተቀመጠ በኋላ መሪውን በአንድ እጁ፣ ወሬውን በሁለት እጁ ይይዛል። ሦስተኛው እጅ ከየት እንደመጣ የጠየቀው የለም። ብረቱ ከመናኸሪያው ሲነሡ አንድ ስንዝር ነው፤ ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ዳገት ከበዛ አንገቷ ድረስ ይዘልቃል።

“አንተ ደርቤ፣ ትናንት እኮ እስከ ወገቧ ነው ያልከው” ይሉታል ሻይ ቤት ውስጥ።

“አድጎ ነዋ!”

“ብረት ያድጋል እንዴ?”

“ጥሩ ብረት ከሆነ ያድጋል።”

ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ሰው ግን ወሬው መቆሚያ የለውም። ባለፈው ሐምሌ ሰማዩ እንደ ባዶ በርሜል ሲንኳኳ በከረመበት ሳምንት እስከዳር ጃንጥላዋን ይዛ ቢሮ ስትገባና ስትወጣ ታይታለች፤ መብረቁ ዞር ብሎም አላያትም፣ አንድ የመብራት እንጨት መትቶ ወደ ጉዳዩ ሄደ። እጮኛውም መጀመሪያ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ቆይቶ መሐንዲስ ሆነ፤ በዚህ ሳምንት አውሮፕላን አብራሪ ሆኗል። በአውቶቡስ የጠፋ አብራሪ! ስልክ አጥንት የሚያጎብጥ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሰቆጣ ወጣት በሙሉ እስከ አሁን እንደ አንሶላ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ነበር። ከቅጥፈቱ ሁሉ ዋናው ቅጥፈት ይኼኛው ይመስላል። ሰው የላትም የሚለውም ቢሆን፣ ከሰው ያልተወለደ ማን አለ? እርግጥ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ ያየ የለም። እርግጥ ለፋሲካ አገሯ አልሄደችም። ለመስቀልም አልሄደችም። ግቢው ሁሉ ዘመድ ቤት ሲሄድ እሷ በሯን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

እስከዳር የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእንስሳት ጤና ተመርቃ የምደባ ደብዳቤዋን ይዛ ሰቆጣ ስትገባ “ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ” ብላ ነበር። ይህን ሳይል የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የለም፤ አንዳንዱ እንዲህ እያለ ጡረታ ወጥቷል። እሷም ይኸው አራተኛ ዓመቷን ጨረሰች። ሥራዋ ፃግብጂ ወረዳ ድረስ እየወረዱ ፍየል መከተብ ነው። የፃግብጂ ፍየል ክትባት መምጣቱን ከሰማ ከሦስት ቀን በፊት ገደል ላይ ወጥቶ ቦታ ይይዛል፤ ሐኪሟም በመርፌ ሳይሆን በልመና ነው የምታወርደው። ከገበሬው ጋር አማርኛ ታወራለች፤ ገበሬው እርስ በርሱ አገውኛ ያወራል፤ ፍየሉ ሁለቱንም አይሰማም። ሥራውን ግን ትወደው ነበር። ማታ ወደ ኪራይ ቤቷ ስትመለስ ከእጇ የሚወጣው የፍየል ሽታ የደመወዟ ግማሽ እንደሆነ ትናገር ነበር።

አምና ኅዳር ላይ ነው። በድንጋይ ካብ የታጠረ በረት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ፍየል ታጉሯል። እስከዳር የተከተበውንና ያልተከተበውን ለመለየት ካቡ ላይ ቆማ ቀለም ትቀባለች። አንድ ወጠጤ መርፌውን አይቶ ሐሳቡን ለወጠና ካቡን ሊዘል ተነሣ፤ በመካከሉ የእስከዳር ጉልበት ነበር። ወደ ኋላዋ ሄደች። ከካቡ በታች እርከን አለ፤ ከእርከኑ በታች ሌላ እርከን አለ። እሷ ሁለተኛው ላይ ነው ያረፈችው፣ ቁጭ ብላ፤ አንድ ሰው ደክሞት ዐረፍ እንደሚል ሆና። ደርቤ ይህን ሲያወራ ከሄሊኮፕተር ነው የሚጥላት። ፍየል መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ሄሊኮፕተሩን ይተወው ነበር።

ቁጭ ብላ መውደቋ ነው ጉዳቱ፤ ክብደቷ ሁሉ አከርካሪዋ ላይ ወረደ። የበረቱ ባለቤት ሮጦ ወርዶ “እንዳትነኳት! እንዳትቀና! እንደወደቀች ትተኛ!” ብሎ ጮኸ፤ ከዚህ የተሻለ ሐኪም በዚያን ሰዓት አልነበረም። በሁለት ዘንግና በጋቢ ቃሬዛ አሰሩላት። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ አራት ሰዓት ሙሉ እስከ መኪና መንገዱ ተሸከማት። በጀርባዋ ተኝታ ሰማዩን ብቻ ታይ ነበር። ተሸካሚዎቹ መንገዱን ሁሉ በአገውኛ ያወራሉ፤ ምን እንደሚሉ አታውቅም፤ ከመካከሉ የምትለየው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ ስሟ። ስሟ በመጣ ቁጥር “ስለ እኔ ምን አሉ?” ብላ መጠየቅ አማራትና ተወችው።

ሰቆጣ ላይ ራጅ ተነሣች፤ “የእግርሽን ጣቶች አንቀሳቅሺ” ተባለች፤ አንቀሳቀሰች፤ ሐኪሙም ነርሷም እሷም እኩል ተነፈሱ። ከዚያ ለተሻለ ምርመራ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል በአምቡላንስ ወሰዷት። እዚያ አንድ ወጣት የአጥንት ሐኪም ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያት።

“ነርቭሽ አልተነካም፤ ፈጣሪን አመስግኚ። አጥንቱ ግን በፊት ለፊቱ በኩል ተደፍጥጧል። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ከላይና ከታች በብሎን እናስረዋለን። ሁለተኛው አከርካሪ የሚደግፍ የፕላስቲክ ጃኬት ለብሶ መተኛት ነው፣ ሦስት ወር። የአንቺ ዓይነቱ ስብራት በጃኬትም ብዙ ጊዜ ይድናል። በደንብ ከለበስሽው ማለቴ ነው።”

“ለቀዶ ጥገናው ቤተሰብ ያስፈልጋል?”

“የሚያስታምምሽ፣ ደም የሚሰጥልሽ፣ አብሮሽ የሚፈርም ሰው መኖር አለበት። አስታማሚሽ የት አለች?”

“ጃኬቱ ይሁን” አለች እስከዳር።

አስታማሚ አልነበራትም። በሆስፒታሉ የሰነበተችባቸውን ቀናት የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ሾርባ ሲያጎርሷት፣ “ቤተሰብ ዛሬም አልመጣም?” ሲሏት “መንገድ ላይ ናቸው” ትል ነበር። መንገዱ ግን ባዶ ነበር፤ ለማንም አልነገረችማ።

ያልተናገረችበት ምክንያት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከሦስት ዓመት በፊት የበኩር ልጃቸውን፣ የእስከዳርን ታላቅ ወንድም ቀብረዋል። መርዶ ሲነገራቸው ወደቁ፤ ሁለት ቀን ሳይናገሩ ቆዩ፤ ከዚያ ወዲህ የደም ግፊት መድኃኒት ይውጣሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ከእንግዲህ ድንጋጤ እንዳይነካቸው” ብላ አስጠንቅቃለች። ነርሷ ምናልባት ይህን ለሁሉም ትላለች፤ እስከዳር ግን እንደ መሐላ ያዘችው። ደግሞም ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ ቁጭ ተብሎ ከወዲያ ከወዲህ ተጫውቶ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ግራና ቀኙ ተይዞ ነው የሚነገረው። ሰቆጣ ውስጥ እስከዳር ደብረ ታቦር የምትልከው ሽማግሌ ከየት ታምጣ? ስለዚህ “ጉንፋን ይዞኛል” አለች።

ጃኬቱ ከብብት እስከ ዳሌ የሚይዝ፣ በሦስት ማሰሪያ የሚጠብቅ ነጭ ፕላስቲክ ነው። የኪራይ ቤቷ ባለቤት አስቻለች፣ እስከዳር ሰቆጣ በተመለሰችበት ቀን ዙሪያውን ዞራ አይታ፣ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ “ይኼማ የውኃ ታንከር ቁራጭ ነው” አለች። ሕጉ አንድ ነው፦ ተኝታ ካልሆነ በቀር አይወልቅም። ቁጭ ስትል ትለብሳለች፣ ስትቆም ትለብሳለች። እስከዳርም እንደተባለችው አደረገች። ከእሁድ በቀር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ይደውላሉ። ስልኩን የሚይዘው ታናሽ ወንድሟ ዝናቡ ነው፤ ጥሪውም በምስል ነው። ሰቆጣ ኔትወርክ ካለ ማለት ነው፤ በዚያ ሰሞን እሁድ እሁድ እንደ ተአምር ይኖር ነበር።

“ለምንድን ነው በጠራራ ፀሐይ የምትተኚው?” አሉ እናቷ፣ ገና ፊቷን ሲያዩ።

“ጉንፋን ነው፣ እምዬ።”

“ሦስት ሳምንት ሙሉ? ተነሺ እስኪ፤ ቁጭ በይና ልይሽ።”

ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርባ በአስቻለች ትከሻ ተደግፋ ቁጭ አለች። እናቷ ስልኩን ዐይናቸው ውስጥ ሊከቱት ደረሱ።

“ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተገተርሽ? ትከሻሽ ጆሮሽ ደረሰ እኮ! ዝናቡ፣ ይቺ ልጅ አብጣለች ወይስ ስልኩ ነው?”

“ስልኩ ነው” አለ ዝናቡ። ለሁሉም ነገር መልሱ ይኼ ነው።

“አይ፣ ደስ አላለኝም። ስሚ እስከዳር፣ ከወንድምሽ ወዲህ ፊትሽን በደንብ ካላየሁ ሳምንቱ አይመሽልኝም። የምትደብቂኝ ነገር ካለ…”

“ምንም የለም፣ እምዬ። ለሚቀጥለው እሁድ በደንብ ታዪኛለሽ።”

በሚቀጥለው እሁድ ጃኬቱን አወለቀች። ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስጠጋች፣ የአበባ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሁለት እጇን ከታች አሾልካ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠችና ሳቀች። አሥር ደቂቃ ይበቃል ብላ ነበር። ግን የደብረ ታቦር ሰው ስልክ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እናቷ ጨርሰው ለጎረቤት ሰጡ፣ ጎረቤቷ ለእህቷ ሰጠች፣ እህቷ ለንስሐ አባቷ ሰጠች፤ የጠፋ አህያ ሊጠይቅ ግቢ የገባ ሰው ሳይቀር ስልኩን ተቀብሎ “ሥራ እንዴት ነው? ፍየሎቹስ ደህና ናቸው?” ብሎ መርቋት ሄደ። አንድ ሰዓት አለፈ። ምስሉ ደርቆ በቆመ ጊዜ ብቻ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ታጨማትር ነበር። አንድ ቀን ግን የደረቀው በእሷ በኩል ብቻ ኖሮ፣ “ምነው? ምን ነካሽ?” አሉ እናቷ። “ፀሐይ ነው” አለች።

አስቻለች ማሰሪያውን እየፈታች ሁልጊዜ ትቆጣለች።

“አንቺ ልጅ፣ ሐኪሙ ቁጭ ብለሽ አታውልቂ አላለሽም?”

“ለአንድ ሰዓት እኮ ነው፣ እትዬ።”

“ስብራት እሁድ እሁድ ያርፋል ያለሽ ማነው? ቄስ ነው ስብራቱ?”

“ሲያልቅ መልሰሽ ታስሪኛለሽ?”

“አስርሻለሁ። ማሰሩማ ምን ገዶኝ።”

እንዲህ ሆኖ አሥር እሁድ አለፈ። ከአሥሩ በአንዱ አስቻለች ንዴቷን መያዝ አቅቷት ጉልት ሽንኩርት ስትገዛ “ይኼ ስልክ ነው ልጅቷን የሚያጎብጣት!” ብላ ነበር። ይህን ያለችው ለአንዲት ሴትዮ ነው፤ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ የሄደችው በደርቤ ባጃጅ ነው። ጨረሩ እዚያ ውስጥ ተጨመረ።

የካቲት ላይ ቀጠሮዋ ደረሰ። ሰቆጣ ያለው ሐኪም የቀድሞውንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን ሰቅሎ ሁለቱንም በማስመሪያ ለካ።

“አጥንቱ ገጥሟል። በዚህ በኩል ድነሻል” አለ በመጨረሻ። “ግን መጀመሪያ አሥራ አራት ዲግሪ ነበር ያጎነበሰው፤ አሁን ሠላሳ ሦስት ሆኗል። ጃኬቱን ታወልቂው ነበር?”

“አንዳንድ ጊዜ።”

“መቼ?”

“እሁድ።”

“ለቤተ ክርስቲያን?”

ዝም አለች። ሐኪሙም ዝምታዋን አዎ ብሎ ያዘው። ከዚያ በእርሳስ ሳለላት፦ እርጥብ ጡብ በአንድ በኩል ሲጫኑት በዚያ በኩል ይሳሳል፤ በላዩ የሚደረደረው ሁሉ ወደዚያው ያዘነብላል። “ባታወልቂውም ሊጎብጥ ይችል ነበር” አለ። “ለብሰውት ውለው ለብሰውት አድረው የጎበጡ አሉ። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ማቅናት ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፤ አዲስ አበባ ነው፤ ነርቭሽ ደህና ሆኖ ሳለ እኔ አልመክርሽም። የጀርባ ጡንቻሽን አጠንክሪ። ትሠሪያለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ትኖሪያለሽ። ቅርጹ ግን ይኸው ነው።”

ቅርጹ ይኸው ነው። የአበባ ቀሚሷ ከኋላ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከፊት መሬት መጥረግ ጀመረ። ልብስ ሰፊው በሜትሩ ሲለካት ጀርባዋ ጋ ሲደርስ ሜትሩን አየር ላይ ያዘው እንጂ አላስነካትም። ቢሮም ከፃግብጂ አነሷትና ጠረጴዛ ሰጧት፤ አሁን ፍየል የምትቆጥረው ወረቀት ላይ ነው፤ የወረቀት ፍየል አይሸትም፣ አይራገጥም፣ ስም አይወጣለትም። ከሁሉ የከበዳት ግን ሰላምታው ነው። የሰቆጣ ሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ፣ ተቃቅፎ፣ ጀርባ ተደባብቶ ነው። ከወደቀች ወዲህ ሁሉም እጁን ከሩቅ ይዘረጋላታል፤ ብትሰበርስ ብሎ። ከክፋት አይደለም። ግን ዓመቱን ሙሉ ያቀፋት ሰው የለም። የሚታሽ ቅባት ታዞላታል፤ ራሷ ጀርባዋ ላይ የምትደርስበት ቦታ ከላይም ከታችም አለ፣ የሚያማት መካከሉ ነው። አስቻለችን “እትዬ፣ ጀርባዬን እሺልኝ” ለማለት ብዙ ጊዜ እስከ በሯ ሄዳ ጨው ተበድራ ተመልሳለች። ስድስት ጊዜ የተበደረችው ጨው መስኮቷ ላይ ተደርድሯል።

ለእናቷ ደግሞ “ካሜራው ተበላሸ” አለች። ከየካቲት ጀምሮ እሁድ እሁድ ድምፅ ብቻ ሆነ። ለፋሲካ “ሥራ በዛብኝ”፤ ለመስቀል “መንገዱ አስቸገረ”። በድምፅ ስታወራ አልጋዋ ላይ ተንጋልላ ዐይኗን ትጨፍናለች፤ እናቷ አጠገቧ እንዳሉ ይመስላታል። ስልኩ ሲዘጋ ዐይኗን ትገልጣለች።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ግን የደም ግፊት እንጂ የማሰብ ችግር የለባቸውም። ቁጭ ብለው አሰቡ። ያላገባች ልጅ፤ ካሜራ ተበላሸ፤ ለበዓል አልመጣም፤ ተኝቼ ነው የማወራው። ከየካቲት ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ ወር ሲሞላ ለማንም ሳይናገሩ የገንፎ ዱቄት አስፈጩ፣ ቅቤ በጣሳ አነጠሩ፣ አንድ ለስላሳ መታቀፊያ ገዙ፤ ድንጋጤ እንዳይነካቸው የተባሉት ሴትዮ ሃያ ኪሎ ዱቄት ተሸክመው በሁለት ቀን ሦስት አውቶቡስ ቀይረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰቆጣ መናኸሪያ ወረዱ። ባጃጅ ጠሩ። ከሰቆጣ ባጃጅ ሁሉ የቀረባቸው የደርቤ ነበር።

“የፍየል ሐኪሟን ቤት ታውቀዋለህ፣ ልጄ?”

“እኔ የማላውቀው! ይግቡ ማዘር፣ ዱቄቱን እኔ ልያዘው። ፍየል ታመመብዎት?”

“አይ፣ እንዲሁ ልጠይቃት ነው።”

“ሲያዩዋት እንዳይደነግጡ ታዲያ።” ደርቤ መሪውን በአንድ እጁ ያዘ። ብረቱን ነገራቸው። መብረቁን ነገራቸው። አብራሪውን ነገራቸው። ስልኩ እንዴት አድርጎ አጥንቷን እንዳቀለጠው ሲነግራቸው ሁለቱንም እጁን ለቀቀ።

“ሕፃንስ?” አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ በቀጭን ድምፅ።

“የምን ሕፃን?”

“አልወለደችም?”

“በዚያ ብረት? እንዴት ተሆኖ ማዘር! ደግሞ ሰው የላትም፤ ማን ያርሳታል? እናት እንኳ የላትም።”

“እናት የላትም?”

“ቢኖራትማ እስከ ዛሬ አትመጣም ነበር?”

ወይዘሮ ጥሩሐረግ መታቀፊያውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ እንደገና ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት። “ቀስ ብለህ ንዳ” አሉ።

እስከዳር ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ፊቷ ወደ ገመዱ፣ ጀርባዋ ወደ በሩ። ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ነው እናቷ ከፊቷ በፊት ያዩት። ደርቤ ዱቄቱን ተሸክሞ ተከትሎ ገባ፤ ወሬውን በዐይኑ ሳይጨርስ አይሄድማ።

“እስከዳር።”

ዞረች። እርጥቡ አንሶላ ከእጇ ወድቆ አፈር ነካ።

“እምዬ? እንዴት… ቁጭ በይ፤ እትዬ! ወንበር! ግፊት አለባት፣ ወንበር አምጪ!”

ወይዘሮ ጥሩሐረግ አልወደቁም። ቀጥ ብለው ሄደው አቀፏት፤ እንደሌላው ሰው ከሩቅ አይደለም፣ አጥብቀው። ከዚያ መዳፋቸውን ከአንገቷ ጀምረው ወደ ታች አወረዱ፤ ጉብ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ መዳፉ ቆመ፤ እዚያው ተዉት።

“ያምሻል?”

“ሲበርድ።”

“መቼ ነው?”

“አምና ኅዳር። ከካብ ወድቄ ነው።”

“አምና ኅዳር ጉንፋን ነው ያልሽኝ።”

“አዎ።”

አስቻለች ወንበር ይዛ መጥታ መካከላቸው ቆመች። ማንም አልተቀመጠበትም። ወይዘሮ ጥሩሐረግ በአገጫቸው ደርቤን አመለከቱ።

“ይኼ ልጅ መንገዱን ሁሉ ያልነገረኝ የለም። አሁን አንድ በአንድ እጠይቅሻለሁ። እንደገና እንዳትደብቂኝ፣ በወንድምሽ ነፍስ። ብረት አለሽ?”

“የለኝም። ቀዶ ጥገናም አላደረግሁም።”

“እንዴት የለሽም!” አለ ደርቤ፣ ንብረቱ እንደተወሰደበት ሰው።

“ደርቤ፣ የለኝም።”

“መብረቁስ?”

“ውሸት ነው።”

“የጠፋው እጮኛሽስ?”

“ያልነበረ ሰው እንዴት ይጠፋል? ውሸት ነው።”

“ሰው የላትም ያለውስ?” አሉ እናቷ።

እስከዳር ወደ ደርቤ ዞረች። “እናቴ ናት። ዱቄቷን ተሸክመህ ቆመሃል።”

ደርቤ ዱቄቱን አየው፤ ቀስ ብሎ አወረደው።

“አንድ ቀረ” አሉ ወይዘሮ ጥሩሐረግ። መዳፋቸው አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው። “ያጎበጣት ስልክ ነው ብሎኛል። እሁድ እሁድ የምታወሪው ስልክ። ምን ማለት ነው?”

አስቻለች አፏን ከፈተች። እስከዳር አየቻት። አስቻለች አፏን ዘጋችና ወንበሩን ራሷ ተቀመጠችበት።

“ስልክ አጥንት አያጎብጥም፣ እምዬ። የኔ ዓይነት ስብራት ሲገጥም እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። የስልኩም ውሸት ነው። ደርቤ ካለው ሁሉ አንድም እውነት የለበትም።”